ከኦርኬስትራው ማዶ

ዙሌማን ሳል የመጣባት ፈጽሞ ሊመጣ በማይገባው ሰዓት ነበር። ኦርኬስትራው የሲምፎኒውን ቀርፋፋ ክፍል ይዟል። ቫዮሊኖቹ ሁሉ ዝም ብለው ኦቦ የምትባለው ቀጭን ዋሽንት ብቻዋን ታንጎራጉራለች። አዳራሹን የሞላው የሃላፓ ከተማ ሰው ትንፋሹን ውጦ ይሰማል። እሷ ደግሞ ከመሪው ጀርባ፣ ከፊተኞቹ ረድፎች በአንዱ፣ ከእናቷ ከዶኛ ሆርቴንሲያ ጎን ተቀምጣ አፏን በመሐረብ አፍና ከጉሮሮዋ ጋር ትታገላለች። ታገለች፣ ታገለችና አቃታት። ሳሉ አንዴ አመለጣት፤ ከዚያ ተከታተለ። ራሶች ዞሩ። ዶኛ ሆርቴንሲያ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው ሳያዞሩ በክርናቸው ጎሰም አደረጓት።

ይኼኔ ከማዶ፣ ከኦርኬስትራው በስተጀርባ ካለው ርካሽ መቀመጫ፣ አንድ ሰው ማሳል ጀመረ። የእሱስ ሳል አይባልም፤ ዳገት ላይ የከበደው የጭነት መኪና ነው የሚመስለው። የዞሩት ራሶች ሁሉ ከዙሌማ ላይ ተነስተው እሱ ላይ አረፉ። ከበሮ መቺው እንኳ ገልመጥ አድርጎ አየው። ዙሌማ በዚያ ግርግር ጉሮሮዋን ጠርጋ ቀና ስትል፣ ሰውዬው ሳሉን ቀጥ አድርጎ አቁሞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እጆቹን አጣጥፎ ተቀምጧል። በዓይኑ ብቻ ሳቅ አለላት።

የውሸት ሳል ነበር። ለእሷ ሲል ያሳለው።

በእረፍቱ ሰዓት ከሰው መሃል ብቅ አለ። ሰፊ ትከሻ፣ በጥንቃቄ የተተኮሰ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ከውሃ ጋር የተበጠረ ጸጉር።

«ተሻለዎት ዶክተር?»

«ዶክተር መሆኔን በምን አወቁ?»

«የእናቴን ጥርስ የነቀሉላት እርስዎ ነዎት። እስከ ዛሬ ያመሰግንዎታል አፏ። ለጥርሱ ግን ታዝናለች።» ከኪሱ በናፕኪን የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ዘረጋላት። «ይኼን ይያዙ። ወረቀቱን አስቀድሜ ልጬዋለሁ፤ ውስጥ ሆነው ሲልጡት ይንኮሻኮሻል።»

ናፕኪኑን ገለጥ ስታደርገው የማር ከረሜላ ነው።

«ለጥርስ ሐኪም ከረሜላ?»

«ማን ይቆጣዎታል? ተቆጪዋ እርስዎው!»

ዙሌማ ሳቀች። አባቷ ከሞቱ ወዲህ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስትስቅ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ሰውዬው ኢላሪዮ ይባላል። ከከተማችን ወደ ቡና ተራራዎቹ፣ ወደ ሳንታ ሪታ የሚወጣው አውቶቡስ ሾፌር ነው። ደወሉ ተደውሎ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ከረሜላው አፏ ውስጥ ቀስ እያለ ይሟሟ ነበር። ሙዚቃውን የሰማችው በዚያ ጣዕም ውስጥ ሆና ነው።

* * *

ከዚያ በኋላ አርብ ሁሉ የእነሱ አርብ ሆነ። ሃላፓ ላይ ጭጋጉ መንገዱን ቢውጠው፣ ካፊያው ቀኑን ሙሉ ቢዘንብ፣ አርብ ማታ ሰው ጃንጥላውን ይዞ ወደ ኦርኬስትራው ይወጣል። ዳኛውም፣ ዳቦ ጋጋሪውም፣ ተማሪውም። ዙሌማ እና ኢላሪዮ ከሌላው የሚለዩት ኮንሰርቱን የሚያዩት ፊት ለፊት ተያይተው መሆኑ ነው። በመሃላቸው ያ ሁሉ ቫዮሊን፣ ያ ሁሉ ቼሎ፣ ጥሩንባው፣ ከበሮው አለ። ኮረብታ ለኮረብታ እንደሚተያዩ ሁለት ቤቶች ከድምፁ ማዶና ማዶ ይተያያሉ። ደስ የሚል ቦታ ሲመጣ እሱ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል፤ እሷ ከንፈሯን ትነክሳለች። ዶኛ ሆርቴንሲያ ልጃቸው ሙዚቃ የወደደች መስሏቸው ደስ አላቸው።

በእረፍቱ ሰዓት በሩ ላይ ቆመው በኩባያ የሚሸጥ የተቀቀለ በቆሎ በሎሚና በቃሪያ እየበሉ ያወራሉ። «አንቺ» እና «አንተ» መባባል ጀምረዋል። እሱ ግን «ዶክተር» ማለቱን አልተወም።

«እኔ መጀመሪያ የመጣሁት ልተኛ ነው» አላት አንድ ቀን። «እውነቴን ነው። ተሳፋሪዬ የሆነ አንድ ሽማግሌ ክላርኔት ነፊ ቲኬት ሰጠኝ። ቀኑን ሙሉ ያን ጠመዝማዛ መንገድ ስነዳ ውዬ፣ ለስላሳ ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ላሸልብ ብዬ ገባሁ። እነዚያ ሰዎች አንድ ላይ ሲጀምሩ…» የበቆሎውን ኩባያ አጥብቆ ያዘ። «እዚያ ቁጭ ብዬ ማን እንደተጣላኝ እንኳ ረሳሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ተኝቼ አላውቅም።»

«ከጀርባ ሆነህ ግን በደንብ ይሰማሃል?»

«ጀርባ ያላችሁት እናንተ ናችሁ ዶክተር። እናንተ የምታዩት የመሪውን ኮት ነው። እኛ ፊቱን ነው የምናየው። ጥሩንባዎቹ ሊገቡ ሲሉ እንዴት እንደሚያያቸው ብታዪ! ልጁን የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት በር ላይ የሚሸኝ አባት ነው የሚመስለው።»

እሷም በተራዋ ከፊት ብቻ የሚታየውን ነገረችው። በመጀመሪያዎቹ ቫዮሊኖች መሃል አንድ የኖታ ማስቀመጫ የሚጋሩ ሁለት ሰዎች አሉ። ባልና ሚስት ነበሩ፤ ተፋተዋል። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም አይባባሉም። ገጹ ሲያልቅ ግን እሱ አንድም ቀን ሳያሳልፍ ይገልጥላታል፤ እሷም ሳታየው ታምነዋለች።

«ይኼን ከማውቅ ባላውቅ ይሻለኝ ነበር» አለ ኢላሪዮ። «አሁን ሁለቱን ሳይ ሙዚቃው የት እንደደረሰ ሊጠፋኝ ነው።»

ዙሌማ አንድ ነገርም ነገረችው፤ ለሌላ ሰው ነግራው የማታውቀውን። በሌላው ጎኗ ያለችው ባዶ ወንበር የአባቷ ናት። ውል አዋዋዩ ዶን አርኑልፎ ከሞቱ በኋላም ዶኛ ሆርቴንሲያ የወንበሯን ኪራይ አላቋረጡም። አርብ አርብ የባላቸውን ጥቁር ሻርፕ ይዘው ይመጡና እዚያ ያስቀምጡታል። «እናቴ ሰው ፊት አታለቅስም» አለችው። «በሻርፕ ነው የምታለቅሰው።»

ደወሉ ተደወለ። ኢላሪዮ ደወሉን የሰማ አይመስልም ነበር።

* * *

«ያ ሰውዬ ማነው?» አሉ ዶኛ ሆርቴንሲያ አንድ አርብ ወደ ቤት ሲመለሱ።

«ጓደኛዬ ነው እማዬ።»

«ከኦርኬስትራው ጀርባ የሚቀመጥ?»

«እዚያም የሚሰማው ይኸው ሙዚቃ ነው።»

«ሙዚቃውማ አንድ ነው። ሙዚቃው ሲያልቅ የምትሄዱበት ቤት ነው የሚለየው።»

ዶኛ ሆርቴንሲያ ክፉ ሴት አልነበሩም። ባለጌ ሲያዩ ይታመማሉ እንጂ ድሃ ሲያዩ አይጠሉም። ግን ልጃቸው የት እንደምትደርስ ገና በሕፃንነቷ ወስነው ያስቀመጡ ሰው ናቸው። በቀጣዩ አርብ ሻርፑን ይዘው አልመጡም። በባዶዋ ወንበር ላይ ጎንሳሎ የሚባል፣ ከፑዌብላ የመጣ የወዳጃቸው ልጅ መሐንዲስ ተቀመጠ። ጨዋ ሰው ነው። ለዙሌማ ፕሮግራሙን ገለጠላት፤ ሲበርዳት ካፖርቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት።

ዙሌማ ቀና ብላ ከማዶ የኢላሪዮን ዓይን ፈለገች። እሷን ግን አልነበረም የሚያየው። የአባቷን ወንበር ነበር የሚያየው። ፊቱ ላይ ቁጣ ቢኖር ደስ ባላት። የነበረው ግን ሳይጠሩት የሰው ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ሐፍረት ነው። እረፍቱ ሲደርስ ሮጣ ወጣች። በቆሎ ሻጯ ብቻ ነበረች። ከእረፍቱ በኋላ ማዶ ያለው ቦታው ባዶ ሆነ። የሚቀጥለው አርብም ባዶ። ከዚያ የሚቀጥለውም።

ዙሌማ ኩራቷን ሦስት አርብ ይዛ ቆየች። ከዚያ አውቶቡስ ተራ ሄዳ ለሥራ ባልደረባው አንዲት ብጣሽ ወረቀት ሰጠችው። «ወንበርህ ባዶ ነው» ብላ ነበር የጻፈችው፤ ሌላ ምንም የለውም። በማግስቱ መልሱ ክሊኒኳ ደረሰ። «የአባትሽ ወንበር ሞልቷል። እንኳን ደስ አለሽ ዶክተር።»

አንብባ ወረቀቱን በንዴት ጨመደደችው። ወንበሯ ላይ አፉን ከፍቶ የተቀመጠው ታካሚ ፈርቶ አፉን ገጠመ።

በዚያው ሳምንት ጎንሳሎን ቡና ጋበዘችውና እውነቱን ነገረችው። እሱም አልተቀየማትም። «ገብቶኛል» አላት፤ «አንቺ ኮንሰርት ላይ እኔን አንድ ቀን ሳታይ፣ ያንን ከበሮ መቺ ግን ዓይንሽን ሳትነቅዪ ስታዪው ነበር። በኋላ ነው ከበሮ መቺውን አለመሆኑ የገባኝ።» ከእናቷ ጋር ግን ነገሩ በዚህ አላለቀም። ሁለት ሴቶች በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ፣ በትሕትና፣ «እባክሽ ጨው አቀብይኝ» እየተባባሉ ተኮራረፉ። ዙሌማ ማታ ክፍሏ ገብታ ስታስበው በይበልጥ የተናደደችው በእናቷ አልነበረም። እንዲህ ቀላል አድርጎ በተዋት ሰው ነበር። በእሱ መናደዷ ደግሞ ምን ያህል እንደምትወደው ነገራት።

* * *

በግንቦት የሳንታ ሪታ በዓል ሲደርስ ኦርኬስትራው ሁሉንም ዕቃውን ጭኖ ወደ ተራራው መንደር ወጣ። በየዓመቱ አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያ በነጻ ይጫወታል። ዶኛ ሆርቴንሲያ የኦርኬስትራው ወዳጆች ማኅበር አባል ስለሆኑ መቅረት አይሆንላቸውም። ዙሌማም የኢላሪዮ መንደር መሆኑን እያወቀች፣ «እናቴን ልሸኝ ነው» ብላ ራሷን አታልላ አብራ መጣች።

ሙዚቀኞቹ የቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ፣ ከቅርጫቱ ሥር፣ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ተደረደሩ። ዙሪያውን የመንደሩ ሰው ወንበሩን ከቤቱ ተሸክሞ መጥቶ ተቀምጧል። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ ሽማግሌዎች፣ ጡት የሚያጠቡ እናቶች፣ ቅጥር ላይ የተንጠለጠሉ ጎረምሶች። ዙሌማ ዓይኗን ለመሰብሰብ ስትጥር አንዲት አጭር ሴት መጥታ እጇን ያዘቻት።

«ዶክተሬ! አላወቅሽኝም?» ብላ አፏን ከፍታ የተነቀለውን ጥርስ ቦታ አሳየቻት። የኢላሪዮ እናት ዶኛ ቶማሳ ነበረች።

«አወቅኩዎት! እንዴት ነዎት? ያምዎታል?»

«እኔስ ደህና ነኝ። የታመመው ልጄ ነው።» ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አርብ ሲመጣ ሸሚዙን ይተኩሳል፤ ይለብሳል፤ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል። ምን ሆንክ ስለው፣ ምንም ይለኛል። ሬዲዮ ስከፍት ይዘጋዋል። ለዚህ መድኃኒት አለሽ?»

መሪው ዱላውን አነሳ።

እንዴት ተጫወቱ! እዚያ አዳራሽ ውስጥ በግድግዳ የታጠረው ድምፅ እዚህ ተለቆ በቡናው ላይ ሄደ። አንድ ሽማግሌ ገና ከመጀመሪያው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ተነስቶ ቆመ፤ ተቀመጥ ያለው የለም። ታዲያ የሲምፎኒው ቀርፋፋ ክፍል ሊጀመር ሲል ተራራው ጠቆረ። መጀመሪያ ጥቂት ትልልቅ ጠብታ፣ ከዚያ ወዲያው ዶፍ። ሙዚቀኞቹ ቫዮሊናቸውን ኮታቸው ሥር አስገብተው ተነሱ። መሪው እጁን ዘርግቶ ሰማዩን አየና ዱላውን አስቀመጠ። አለቀ ማለት ነው።

«ሸራ!» ሲል አንድ ድምፅ ተሰማ። ዙሌማ ድምፁን ሳታይ አወቀችው። «የቡናውን ሸራ አምጡ! ምሰሶ! ቶሎ በሉ እንጂ፣ ምን ታያላችሁ!»

የመንደሩ ሰው እንደ አንድ ሰው ተነሳ። ቡና የሚሰጣበት ሰፋፊ ሸራ በየጓሮው እየተነቀለ መጣ። ጫፍና ጫፉን በረጃጅም እንጨት ወጥረው፣ በኦርኬስትራው ላይ አነሱት። እንጨት ያላገኘ በእጁ ያዘ። ዙሌማ ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ ገባችና በአንደኛው ጥግ ያለውን ምሰሶ ጨበጠች።

«ተይው ዶክተር፣ ይከብዳል!» አላት አንድ ገበሬ።

«ጥርስ ነቃይ ነኝ እኮ! ክንድ የለኝም መሰለህ?»

መሪው በጣሪያው ሥር ቆሞ ዙሪያውን አየ። በዝናብ ውስጥ ቆመው ሙዚቃውን ከዝናብ የሚሸፍኑለትን ሰዎች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ጣለና ለኦርኬስትራው «ከቀርፋፋው ክፍል» አለ።

ኦቦዋ ጀመረች። በሸራው ላይ ዝናቡ ይደበድባል፤ ከሥሩ ያቺ ቀጭን ድምፅ ሳትሰበር ትወጣለች። ዙሌማ ከሙዚቀኞቹ ራስ በላይ አሻግራ ስታይ፣ በማዶው ጥግ ምሰሶውን ወደ ላይ የገፋው ኢላሪዮ ነው። ውሃው ከጸጉሩ በፊቱ ላይ ይወርዳል። እሱም አያት። ሁለቱም እጃቸው ታስሯል፤ መሄድ አይችሉም፤ መናገር አይችሉም። አንዳቸው ቢለቁ ውሃው ቼሎዎቹ ላይ ይወርዳል። ያ ክፍል እስኪያልቅ፣ ከዚያ የሚቀጥለው፣ ከዚያ የመጨረሻው እስኪያልቅ፣ መተያየት ብቻ ነበር የተፈቀደላቸው። ዙሌማ በዚያ ሰዓት ዓይኗን አልሰበረችም። የጻፈችለትን፣ ያልጻፈችለትን፣ የተናደደችበትን ሁሉ በዓይኗ ነገረችው። እሱም ሸሽቶ የማያውቅ ይመስል ቀጥ ብሎ ተቀበላት።

በመሃሉ አንድ ነገር ዓይኗን ወደ ጎን ሳበው። በገናዋን የምትጫወተው ሴት ከሸራው ጫፍ ትንሽ ወጣ ብላ ነበር። ከኋላዋ አንዲት አሮጊት ጃንጥላ ዘርግታ ቆማለች። ጃንጥላው በሙሉ በገናው ላይ ነው። አሮጊቷ ራሷ ውጭ ናት፤ ያ ከጠዋት ጀምሮ የተሠራ ጸጉር ፈርሶ ጉንጯ ላይ ተለጥፏል፤ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። እናቷ ናቸው። ዶኛ ሆርቴንሲያ። ዙሌማ እናቷን እንዲህ ያለ ውበት ውስጥ አይታቸው አታውቅም።

የመጨረሻው ድምፅ ተራራውን መትቶ ተመለሰ። የሚያጨበጭብ አልነበረም፤ የሰው እጅ ሁሉ ተይዟል። ስለዚህ በእግራቸው ጭቃውን መቱት፤ ጮኹ፤ አፏጩ። ሙዚቀኞቹ ቆመው የቫዮሊናቸውን ቀስት ወደ ላይ አነሱላቸው፤ ብዙዎቹ ያለቅሱ ነበር።

ኢላሪዮ ምሰሶውን ለጎረቤቱ ሰጠ። ዞሮ መምጣት ይችል ነበር፤ አልዞረም። በኦርኬስትራው መሃል ገባ። «ይቅርታ ማኤስትሮ። ይቅርታ እመቤቴ። እግርዎን ረገጥኩዎት?» እያለ በወንበሮቹ፣ በከበሮው፣ በቫዮሊኖቹ መሃል ተሻግሮ መጥቶ ፊቷ ቆመ። የሚናገረው ግን ጠፋው።

«ለምን አልጠየቅከኝም?» አለችው፤ ምሰሶውን በሁለት እጇ እንደያዘች።

«ምን ብዬ?»

«ይኼ ሰው ማነው ብለህ!»

«በአባትሽ ወንበር የተቀመጠ ሰው ማነው ተብሎ ይጠየቃል? ያቺን ወንበር አክብሬ ነው የራቅኩት።»

«ማክበርህን ማን ለመነህ? ያን ቀን ሰው ሁሉ ሲያፈጥብኝ አብረኸኝ ሳልክ። እናቴ ስታፈጥብኝ ግን ብቻዬን ጥለኸኝ ሄድክ!» ጥሩንባ ነፊዎቹ መሣሪያቸውን ማድረቅ ትተው ያዳምጣሉ።

«ፈርቼ ነው» አለ ኢላሪዮ።

«እናቴን?»

«አንቺን። አንድ ቀን እንዳታፍሪብኝ።»

«እየኝ እስቲ። ባዶ እግሬን ጭቃ ውስጥ ቆሜ፣ ሃላፓ ሁሉ እያየኝ፣ በአንድ ሾፌር ላይ እየጮህኩ ነው። የማፍር እመስላለሁ?»

ኢላሪዮ ሁለት እጁን ምሰሶው ላይ፣ ከእጆቿ በላይ አሳረፈ። «ዙሌማ» አለ። በስሟ ጠርቷት አያውቅም ነበር። «ዙሌማ፣ እወድሻለሁ። አልሸሽም ከእንግዲህ። ብታባርሪኝም አልሄድም።»

«ጎበዝ» አለች እሷ እንባዋን በትከሻዋ እየጠረገች። «እኔም እወድሃለሁ። ይኼን ደግሞ አጥብቀህ ያዝ፣ ክንዴ አልቋል።»

ከጎናቸው ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ተሰማ። ዶኛ ሆርቴንሲያ ቆመዋል፤ ከአገጫቸው ውሃ ይንጠባጠባል። ኢላሪዮ ቀጥ አለ። እሳቸውም ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ከዚያ ወደ ላይ ሸራውን፣ ከዚያ እንደገና እሱን አዩት።

«ሸራ አምጡ ብለህ የጮህከው አንተ ነህ?»

«አዎ ዶኛ።»

«ሠላሳ ዓመት አርብ አርብ ኮንሰርት ሄጃለሁ» አሉ። «ለኦርኬስትራው ገንዘብ አሰባስቤያለሁ። ንግግር አድርጌያለሁ። ባሌን ካጣሁ ወዲህ ግን ሙዚቃ እንደ ዛሬ ውስጤ ገብቶ አያውቅም።» ድምፃቸው ሊከዳቸው ሲል ቆም አሉ፤ መለሱት። «እሺ አላልኩም። ገና ብዙ እጠይቅሃለሁ። እናትህ የት አለች?»

«ኩሽና ናት ዶኛ። ለሙዚቀኞቹ ሾርባ እያሞቀች።»

«ውሰደኝ። እንዲህ በስብሼ መኪና ውስጥ አልገባም።» ክንዳቸውን ዘረጉለት።

ኢላሪዮ ዙሌማን አያት። ራሷን ነቅንቃ «ሂድ» አለችው። እሱም ምሰሶውን ለቀቀና የዶኛ ሆርቴንሲያን ክንድ ይዞ፣ ጭቃው እንዳያዳልጣቸው ቀስ እያለ፣ ኩሬውን እያዞራቸው ወሰዳቸው። እናቷ መሃል መንገድ ላይ ቆም ብለው አንድ ነገር ጠየቁት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ መለሰላቸው። ምን እንደተባባሉ አልሰማችም። የእናቷ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ግን አየች፤ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች። ከዚያ ሳቃቸው በሜዳው ላይ እስከ እሷ ድረስ መጣ።

ዙሌማ ቆማ ቀረች። ክንዶቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ እግሯ በብርድ ደንዝዟል፣ ከዚያ ቦታ ግን መነቃነቅ አልፈለገችም። ቫዮሊኖቹ በየሳጥናቸው ገቡ፤ ወንበሮቹ ተነሱ። በገና ተጫዋቿ መጥታ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

«ዶክተር፣ ልቀቂው በቃ» አለቻት በእርጋታ። «ዝናቡ ካቆመ ቆየ እኮ።»

ዙሌማ ቀና ብላ አየች። ሰማዩ ጠርቷል። ከምሰሶው ጋር ሁለቱም ክንዶቿ ሲወርዱ፣ ለካስ ሳታውቀው ትስቅ ነበር።